ለጨቅላ ሕፃን የቆርቆሮ ወተት፦ በአንዴ ስንት ሚሊ፣ በቀን ስንት ጊዜ?

ሕፃኑ ተወልዶ 3 ኪሎ መዝኗል። እናቱ ታማለች፤ ወይም መንታ ወልዳ ጡቷ ለሁለቱ አልበቃም፤ ወይም ሕፃኑን የሚያሳድጉት አያቱ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ቆርቆሮ ወተትና አንድ ጡጦ ተቀምጧል። የቤቱ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በአንዴ ስንት? በቀንስ ስንት ጊዜ?

መልሱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ጡጦው ላይ የሚነበበው ሚሊ ነው። ሁለተኛው በዚያ ሚሊ ውስጥ ያለው የዱቄት መጠን ነው። ሰው አብዝቶ የሚጨነቀው ለመጀመሪያው ነው፤ ሕፃኑን ክፉኛ የሚጎዳው ግን ሁለተኛው ላይ የሚሠራ ስሕተት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም እናያለን፤ በሁለተኛው ላይ ግን ቆየት እንላለን።

ከዚያ በፊት ሁለት ነገር። እዚህ ያለው ልክ ጊዜውን ጠብቆ ለተወለደ፣ ክብደቱ 2.5 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ ጤነኛ ሕፃን ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ከ2.5 ኪሎ በታች የሆነ ሕፃን ልኩ በሐኪም ይወሰናል። ሁለተኛው፣ ጡት ያላት እናት ጡቷን አትተው። የዓለም ጤና ድርጅትም ሆነ የእኛው ጤና ጣቢያዎች እስከ 6 ወር ጡት ብቻ የሚሉት በምክንያት ነው። ወተቴ አነሰ የምትል እናት ቆርቆሮ ከመክፈቷ በፊት የሕፃኑን አያያዝ አዋላጅ ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትይላት፤ ብዙ ጊዜ የጎደለው ወተቱ ሳይሆን አጎራረሱ ነው። ኤችአይቪ በደሟ ያለ እናትም በአገራችን መመሪያ መሠረት መድኃኒቷን እየወሰደች እንድታጠባ ትመከራለች፤ ወደ ቆርቆሮ መዞር የምትችለው ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት

በተወለደበት ቀን የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው። የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ምግቦች 10 ወይም 15 ሚሊ ቢሆኑ አትደንግጡ፤ ያ ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ዋናው ነገር በየቀኑ ከፍ እያለ መሄዱ ነው። ጡት ፈጽሞ ለማይጠባ ሕፃን የሚሠራበት ልክ በመጀመሪያው ቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ 60 ሚሊ ሆኖ፣ በየቀኑ በኪሎ 20 ሚሊ እየተጨመረበት እስከ 150 የሚሄድ ነው። 3 ኪሎ ለሚመዝን፣ በቀን 8 ጊዜ ለሚመገብ ሕፃን ሲሰላ እንዲህ ይመጣል፦

1ኛ ቀን፦ በቀን 180 ሚሊ፣ በአንዴ 20 ገደማ
2ኛ ቀን፦ በቀን 240 ሚሊ፣ በአንዴ 30
3ኛ ቀን፦ በቀን 300 ሚሊ፣ በአንዴ ከ35 እስከ 40
4ኛ ቀን፦ በቀን 360 ሚሊ፣ በአንዴ 45
5ኛ ቀን፦ በቀን 420 ሚሊ፣ በአንዴ ከ50 እስከ 55
ከ6ኛው ቀን ጀምሮ፦ በቀን 450 ሚሊ፣ በአንዴ 60 ገደማ

በእነዚህ ቀናት ሕፃኑ ክብደት ይቀንሳል። ከልደት ክብደቱ እስከ ከመቶ 10 ድረስ መቀነሱ ያለ ነው፤ 3 ኪሎ የተወለደው 2.7 ሊደርስ ይችላል። ከዚያ በታች ከወረደ፣ ወይም ሁለት ሳምንት ሞልቶት ወደ ልደት ክብደቱ ካልተመለሰ ለሐኪም መታየት አለበት። ክብደቱ ቀነሰ ብሎ በአንዴ 90 ሚሊ መጋት ግን መልስ አይደለም። ያ ወተት ተመልሶ ይወጣል።

ከሳምንት በኋላ፦ ኪሎ በ150

ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ሒሳቡ አንድ ነው፦ ክብደቱን በ150 አባዙ፣ የመጣውን በሚመገብበት ጊዜ ብዛት አካፍሉ። 3.2 ኪሎ የሆነ ሕፃን በቀን 480 ሚሊ ያስፈልገዋል፤ ለ8 ሲካፈል 60 ይሆናል። 4 ኪሎ ሲደርስ 600 ሚሊ ነው፤ ጊዜው ወደ 7 ስለሚወርድ በአንዴ 85 ወይም 90 ይሆናል። በሦስተኛው ወር 5 ኪሎ ሲሞላ 750 ሚሊ ይሆንና በ6 ጊዜ ከ120 እስከ 125 ይደርሳል። ክብደት የሚባለው የዛሬው ነው፤ በልደቱ ክብደት ወሩን ሙሉ ማስላት ሕፃኑን ማስራብ ነው። ሲከተብ፣ ሲታይ ሁሉ አስመዝኑና ሒሳቡን አድሱ።

150 መነሻ ነው። አንዳንዱ ሕፃን 180 ይፈልጋል፤ እስከ 200 የሚጠጣ ጤነኛ ሕፃንም አለ። በአንድ ምግብ 40 ጠጥቶ በሚቀጥለው 80 የሚፈልግም አለ፤ ስለዚህ የሚቆጠረው የ24 ሰዓቱ ድምር ነው። ሁለትና ሦስት ሳምንት አካባቢ፣ ከዚያም ስድስት ሳምንት ገደማ ድንገት የሚርባቸው ቀናት ይመጣሉ። ጡጦውን ጨርሶ አሁንም አፉን ከከፈተ 20 ወይም 30 ሚሊ በጥብጣችሁ ጨምሩለት። በቀን ከ960 ሚሊ በላይ የሚፈልግ ከሆነ ግን ሐኪም ጠይቁ።

በየስንት ሰዓቱ?

ጨቅላ ሕፃን በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይመገባል፤ በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ ማለት ነው። ግን ሰዓቱን ሳይሆን ሕፃኑን ተመልከቱ። ሲርበው ጭንቅላቱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል፣ አፉን ይከፍታል፣ ጡጫውን ወደ አፉ ይወስዳል። ልቅሶ የመጨረሻው ምልክት ነው። አልቅሶ አልቅሶ የደከመ ሕፃን አየር ይውጣል፣ ቶሎ ይተኛል፣ የሚበቃውንም አይጠጣም።

ሲጠግብ መምጠጡ ይቀዘቅዛል፣ ተጨብጦ የነበረው እጁ ይላላል፣ ፊቱን ያዞራል፣ አፉን ይገጥማል። የዚያን ጊዜ ጡጦው ውስጥ 15 ሚሊ ቢቀርም ይቅር። «ትንሽ ናት፣ ትጨረስ» ማለት ከልብ የመጣ ፍቅር ነው፤ ሕፃኑን ግን የጥጋብ ስሜቱን እንዳይሰማ ያስተምረዋል።

ሌሊትስ? ወደ ልደት ክብደቱ እስኪመለስ ድረስ ከ4 ሰዓት በላይ ሳይመገብ አይደር፤ ቢተኛም ቀስቅሱት። ልብሱን ገለጥ ማድረግ፣ የእግሩን መዳፍ ማሻሸት፣ ዳይፐሩን መቀየር ይበቃል። ክብደቱን መልሶ እየጨመረ ከሆነ በኋላ ግን ረጅም እንቅልፉን ተዉለት።

ወተቱን መበጥበጥ

የዱቄት ወተት ከጀርም ነፃ አይደለም። ቆርቆሮው ታሽጎ ቢመጣም ውስጡ ሳልሞኔላና ክሮኖባክተር የሚባሉ ባክቴሪያዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ሁለተኛው ብዙም አይታወቅም፤ ግን ገና ሁለት ወር ባልሞላው ሕፃን ላይ የአንጎል ሽፋን ብግነት ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ዱቄቱ ቢያንስ 70 ዲግሪ በሆነ ሙቅ ውሃ ይበጥበጥ የሚለው ለዚህ ነው። ብዙ ቆርቆሮ ላይ «ለብ ባለ ውሃ» ተብሎ ተጽፏል፤ ለጨቅላ ሕፃን ግን የ70ውን ያዙ።

መጀመሪያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ጡጦውን፣ ጫፉንና ክዳኑን በብሩሽና በሳሙና እጠቡ፤ ጫፉን ገልብጣችሁ ጭምር፣ ምክንያቱም ወተት የሚደርቀው እዚያ ጠርዝ ሥር ነው። ከዚያ ሁሉም ነገር ውሃ ውስጥ ተውጦ፣ አየር ሳይዝ፣ 10 ደቂቃ ይፈላ። ድስቱ እንደተከደነ ይቆይ እንጂ አውጥታችሁ በጨርቅ አታድርቁት።

ቀጥሎ የመበጥበጫውን ውሃ አፍሉ። የባህር ጠለል ላይ 1 ደቂቃ መንተክተክ ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ግን ውሃ የሚፈላው ባነሰ ሙቀት ስለሆነ 3 ደቂቃ ይንተክተክ። አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ደብረ ብርሃን ያላችሁ ሁሉ እዚህ ውስጥ ናችሁ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ ወደ 70 የሚወርደውም ቶሎ ነው። በተለምዶ «ከፈላ በኋላ ከ30 ደቂቃ አይበልጥ» የሚባለውን እዚህ ወደ 20 አውርዱት፤ ያውም ውሃው አንድ ሊትር ያህል ሆኖ ከተከደነ ነው። አንድ ሲኒ ውሃ ብቻ ከሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ይበርዳል። የታሸገውም ሃይላንድ ይፈላ። አምቦ ውሃ በፍጹም አይሆንም። በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ባለበት አካባቢ ደግሞ ማፍላት ፍሎራይዱን አያስወጣውም፤ እዚያ ለወተቱ ሌላ ውሃ ፈልጉ።

አሁን ውሃውን ጡጦው ውስጥ ቅዱ። ጡጦውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ጎንበስ ብላችሁ መስመሩን በዓይናችሁ ትክክል አንብቡ፤ ከላይ ወደ ታች ሲነበብ ያሳስታል። ሁልጊዜ ውሃው ይቀድማል። ዱቄቱን አስቀድሞ ከላዩ እስከ 60 መስመር ውሃ መሙላት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ዱቄቱ ራሱ ቦታ ስለሚይዝ የገባው ውሃ 60 አይሞላም፣ ወተቱም አንድ አሥረኛ ያህል ይወፍራል።

ዱቄቱን በራሱ በቆርቆሮው ማንኪያ ዛቁ፤ አትጠቅጥቁ። የተቆለለውን በንጹሕ ቢላ ጀርባ ገፍታችሁ ከጠርዙ ጋር እኩል አድርጉ። ክደኑና በቀስታ እያዞራችሁ አሟሙ፤ አጥብቆ መነቅነቅ አረፋና አየር ያበዛል። ከዚያ ጡጦውን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳሕን ውስጥ አቁሙት፤ ውሃው የጡጦውን ክዳን አይንካ። የእጃችሁ አንጓ ላይ ጠብታ ጣሉ፦ ሙቅም ቀዝቃዛም ካልተሰማችሁ ደርሷል።

የተበጠበጠ ወተት በ2 ሰዓት ውስጥ መጠጣት አለበት። ሕፃኑ አፉን ካሳረፈበት ደግሞ 1 ሰዓት ብቻ ነው፤ ምራቁ ገብቶበታልና የተረፈው ይደፋ። አስቀድሞ በጥብጦ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ የሚቻለው 5 ዲግሪና ከዚያ በታች ከቀዘቀዘ ለ24 ሰዓት ነው፤ መብራት በሚሄድበት ቤት ግን አልመክርም። ለሌሊት የሚሻለው የፈላውን ውሃ በንጹሕ ፔርሙዝ፣ ዱቄቱን በደረቅ ዕቃ ለየብቻ አዘጋጅቶ ሕፃኑ ሲነቃ መበጥበጥ ነው። ጥሩ ፔርሙዝ እስከጫፉ ከተሞላ ሙቀቱን ለሰዓታት ይይዛል፤ መያዙን አንድ ጊዜ በቴርሞሜትር አረጋግጡ።

ማንኪያውና ቆርቆሮው

እዚህ ላይ ቆዩ። ሁሉም ማንኪያ አንድ አይደለም። በአገራችን ፋርማሲዎች ከሚሸጡት እንደ ናን ያሉት ብዙዎቹ አንድ ማንኪያ ለ30 ሚሊ ውሃ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ሲሚላክ ወይም ኤንፋሚል ግን አንድ ማንኪያ ለ60 ሚሊ ነው፤ ማንኪያውም ትልቅ ነው። ኦውንስ የሚል ጽሑፍ ካያችሁ 1 ኦውንስ 30 ሚሊ ገደማ ነው።

አንዱ ቆርቆሮ አልቆ ሌላው ሲከፈት፣ ማንኪያው ድሮው ዕቃ ውስጥ ቀርቶ ሞግዚቷ በለመደችው ስትሰፍር ምን ይሆናል? ትልቁ ማንኪያ ለ30 ሚሊ ሲሰጥ ወተቱ በእጥፍ ይወፍራል። የሕፃን ኩላሊት በወፍራሙ ወተት ውስጥ የበዛውን ጨው ማስወጣት አይችልም፤ ይጠማዋል፣ ሲጠማው ያለቅሳል፣ ሲያለቅስ «ራበው» ተብሎ ያው ወፍራም ወተት ይጨመርለታል። በደሙ ያለው ጨው (ሶዲየም) ከፍ ብሎ እስከ መንቀጥቀጥ ይደርሳል። ትንሹ ማንኪያ ለ60 ሚሊ ሲሰጥ ደግሞ ወተቱ በግማሽ ይቀጥናል። ጡጦው ሙሉ ነው፣ ሕፃኑ ይጠጣል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ሽንቱም ብዙ ነው፤ ክብደቱ ግን አይጨምርም። በጣም ሲቀጥን ሶዲየሙ ወርዶ ይህም ያንቀጠቅጣል። አዲስ ቆርቆሮ በተከፈተ ቁጥር «1 ማንኪያ = ይህን ያህል ሚሊ» ብላችሁ በወፍራም እስክሪብቶ ክዳኑ ላይ ጻፉ፤ የድሮውን ማንኪያ ወዲያው ጣሉ።

ወተቱ ቀጥኖ እንደሆነ የሚያሳብቅ ቀላል መንገድም አለ፤ የቆርቆሮውን ዕድሜ መቁጠር። በቀን 450 ሚሊ የሚጠጣ ሕፃን 60 ግራም ገደማ ዱቄት ይጨርሳል። ባለ 400 ግራሙ ቆርቆሮ እንግዲህ ከ6 እስከ 7 ቀን ነው የሚቆየው፤ ለመጀመሪያው ወር 5 ቆርቆሮ ያህል ይሄዳል ማለት ነው። የተከፈተበትን ቀን ክዳኑ ላይ ጻፉ። 12 ቀን ከቆየ ሕፃኑ ወይ በቂ አይጠጣም፣ ወይ የሚጠጣው ውሃ ነው። ዋጋው ከባድ መሆኑ እውነት ነው፣ ወሩ አጋማሽ ላይ ዱቄቱን ቆጥቦ ውሃ ማብዛት የሚመጣውም ከዚያ ነው። ያንን ከማድረግ ግን ጤና ጣቢያ ሄዶ ማማከር ይሻላል። የተከፈተ ቆርቆሮ ደግሞ ከአንድ ወር በላይ አይቆይም።

አመጋገብ

ሕፃኑን ክንዳችሁ ላይ ቀና አድርጋችሁ ያዙት፤ ራሱ ከሆዱ ከፍ ይበል። ጫፉን ከንፈሩ ላይ አስነኩትና አፉን ራሱ ከፍቶ ይቀበል። ጡጦውን አታቁሙት፤ ጫፉ ወተት እስኪሞላ ብቻ ጋደም አድርጉት፣ ያኔ ልኩን የሚወስነው የእሱ መምጠጥ ይሆናል። በየተወሰነ ጊዜ ጡጦውን ዝቅ አድርጋችሁ አሳርፉት። አንድ ምግብ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቢወስድ ጥሩ ነው። በ5 ደቂቃ ካለቀ ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ ጡጦው ሲገለበጥ በሰከንድ አንድ ጠብታ ያህል ነው መውረድ ያለበት። ጡጦውን በትራስ ደግፎ ሕፃኑን ትቶ መሄድ ያንቃል፤ አንድም ቀን አይደረግ። መሐል ላይና መጨረሻ ላይ ትከሻችሁ ላይ አድርጋችሁ ጀርባውን እያሻሻችሁ እንዲያገሳ አድርጉ።

ጡጦ መቀቀል በማይመችበት ቤት፣ በጉዞ ላይ ወይም ውሃ በጠፋበት ቀን በትንሽ ሲኒ መመገብ ከጡጦ ይበልጥ ንጹሕ ነው። ሕፃኑ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ የሲኒው ጠርዝ ታችኛው ከንፈሩ ላይ ይረፍ፣ ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ ይዘንብል። አታፍስሱበት፤ በምላሱ እየላሰ ይወስደዋል።

መብቃቱን እንዴት እናውቃለን?

ሽንቱን ቁጠሩ። በመጀመሪያው ቀን አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት እያለ ከ5ኛው ወይም ከ6ኛው ቀን ጀምሮ በቀን 6 እና ከዚያ በላይ የከበደ ዳይፐር መኖር አለበት። ዓይነ ምድሩ መጀመሪያ እንደ ሬንጅ የሚለጠፍ ጥቁር ነው፤ በ5ኛው ቀን ገደማ ወደ ቢጫነት መዞር አለበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ክብደቱ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ይጨምራል፤ በሳምንት ከ140 እስከ 210 ማለት ነው። ከተመገበ በኋላ ትንሽ ማቅረሻቱ ያለ ነው። ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ብዙ የሚያቀረሽ ከሆነ በአንዴ የሚሰጠውን ቀንሱና ጊዜውን አብዙ፤ የቀኑ ድምር አይቀነስ።

ወተቱ ላይ ምንም አይጨመር፤ ስኳር፣ አጥሚት፣ የአብሽ ውሃ፣ ጤና አዳም፣ ተጨማሪ ዱቄት። ቅቤ ማዋጥም ይቅር፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ማር እስከ አንድ ዓመት አይነካ፤ ሰውነትን የሚያሽመደምድ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። በሙቀት ቀንም ውሃ ለብቻው አያስፈልገውም፤ ወተቱን ቶሎ ቶሎ ስጡት። የላም ወተት፣ ኒዶና አንከር ለጨቅላ አይሆኑም፤ ፕሮቲንና ጨዋቸው ለኩላሊቱ ይበዛል፣ ብረታቸው ግን ያንሳል። ቆርቆሮው ላይ «ከልደት እስከ 6 ወር» ወይም «ቁጥር 1» የሚል መኖሩን አይታችሁ ግዙ።

እስከ ነገ የማይቆይ

ሕፃኑ መጥባት ካቆመ፣ ሁለት ምግብ ተከታትሎ እምቢ ካለ፣ ከወትሮው ውጭ ፈዞ ከተኛ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ብብቱ ላይ የተለካ ሙቀቱ 37.5 ከደረሰ ወይም ከ35.5 ከወረደ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ መዳፉና የእግሩ ሥር ቢጫ ከሆነ፣ ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ ወይም ደም ካለበት፣ እየተስፈነጠረ ከወጣ፣ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ፣ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ 8 ሰዓት ሙሉ ካልሸና፣ በሌሊትም ቢሆን ጤና ተቋም ውሰዱት። ስትሄዱ ቆርቆሮውን ከነማንኪያው፣ ጡጦውንም ያዙ። ሐኪሙ ፊት፣ ቤት እንደምታደርጉት አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ስፈሩለት።